ሩዙ ለምን ጥሬ ሆነ?

 

የውጭ አገር ምግቦችን አዘገጃጀት እንድናቀርብላችሁ በተደጋጋሚ ጽፋችሁልናል። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁት ከብሳን፣ ቢርያኒን፣ መንዲንና የሞሮኮን የማፍጠሪያ ሾርባ ነው። የቅመሙን ስምና መጠን ደርድረን ብንሰናበታችሁ ለእኛም ይቀለን ነበር። ሆኖም በዝርዝር ብቻ ተመርታ ደጋ ላይ ድስት የጣደች እህት የሚገጥማትን በዓይኔ ስላየሁ፣ በቅድሚያ ያንን ላጫውታችሁ።

አክስቴ የሚኖሩት መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው። ሴት ልጃቸው ጅዳ ውስጥ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። በ2006 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ አንስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ እርሷም አብራ ተመለሰች። ይዛ የመጣችው አንዲት ሻንጣ ሲሆን፣ ሻንጣው ሲከፈት እናቷን ያስገረማቸው በላስቲክ በላስቲክ የተቋጠረ ቅመም ነበር። «ገንዘቡስ?» ብሎ በፊቷ የጠየቃት የለም፤ ከበስተኋላዋ ግን ሳይባል አልቀረም። ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰችው እርሷ መሆኗን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያን ሰሞን የረሳው ይመስል ነበር።

ረመዳን የገባው በሰኔ ማብቂያ ነው። እኔም ጥቂት ቀናት አብሬያቸው ላፈጥር ከአዲስ አበባ ሄጄ ነበር። የመንዝን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይገባል፣ ሰው በርኖሱን እንደተከናነበ ነው የሚውለው። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ «ዛሬ ማፍጠሪያውን ለእኔ ተዉልኝ» አለች። አክስቴም ዝም አሉ። የመንዝ በግ ሥጋ መቼም ስሙ የታወቀ ነው፤ እርሱን ከነአጥንቱ ገዛች። ሩዙን ነከረች፣ ሽንኩርቱን አቁላላች፣ ቅመሙን አንድ በአንድ ከላስቲኩ እየፈታች ጨመረች። ቤቱ በሙሉ ሌላ አገር ሸተተ።

የመግሪብ ሰዓት ደርሶ በተምርና በውሃ ካፈጠርን በኋላ ትሪው ቀረበ። ሩዙ ውጪው ላልቶ ውስጡ እንደ ጠጠር ነበር። ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። አክስቴ አንድ ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡና «ልጄ፣ ስምንት ዓመት የተማርሽው ይህንን ነው?» አሉ። ቀጠል አድርገውም፣ «ቀረፋ እኔ የማውቀው ሻይ ውስጥ ነው፤ ሥጋ ውስጥ ማን ይጥላል?» አሉና እንጀራና ሽሮ እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። ልጅቱ አንዲት ቃል ሳትመልስ ትሪውን አንስታ ወጣች። ያን ሌሊት ለሱሑር አልተነሣችም።

ጧት ጓዳ ገብቼ ሳነጋግራት፣ «ጅዳ እኮ በየቀኑ ለአሥራ ሁለት ሰው ነበር የምሠራው። ሩዝ ተበላሽቶብኝ አያውቅም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሩዙን ያበላሸው እጇ አልነበረም።

ይህን ነገር ብዙ የምግብ አዘገጃጀት መጻሕፍት አይናገሩትም፤ የተጻፉት ለሌላ አገር ኩሽና ነውና። ጅዳ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። በዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ነው። መሐል ሜዳ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በድስቱ ላይ የሚጫነው የአየር ክብደት ስለሚቀንስ ውሃው ያን ያህል ሳይሞቅ መፍላት ይጀምራል። በመንዝና በጊሼ ደጋ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በመርሐቤቴ ዓለም ከተማ ወደ 93 ይጠጋል፤ ወርደው ሸዋ ሮቢት ቢጥዱት 96 ገደማ ይደርሳል። ታዲያ ድስቱ ሲንተከተክ ያየች ሴት ምግቡ እየበሰለ ነው ትላለች፤ ሩዙ ግን የሚያገኘው ሙቀት ጅዳ ያገኝ ከነበረው በ10 ዲግሪ ያነሰ ነው።

እሳት መጨመርስ? ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚፈላ ውሃ ሥር ኩበት ቢጨመር ውሃው ቶሎ ተኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም። ልጅቱም ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ሩዙ አልበስል ሲላት እሳቱን አነደደችው፤ መረቁ አለቀና ሥሩ አረረ፣ መሐሉም ጥሬ ቀረ። እንጨት እንደ ልብ በማይገኝበት፣ ማገዶው በአብዛኛው ኩበት በሆነበት አገር ደግሞ ይህ ሁለት ኪሳራ ነው።

በማግሥቱ ከእርሷ ጋር ተመካክረን እንዲህ አደረግን። ባስማቲ ሩዙ ጅዳ ግማሽ ሰዓት ይነከር የነበረው፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቆየ። ለአንድ ብርጭቆ ሩዝ አንድ ብርጭቆ ተኩል የነበረውን መረቅ ሁለት ሙሉ አደረግነው፤ ሲገባም የፈላ እንጂ የበረደ አልነበረም። ከሁሉ በላይ ግን የጠቀመን ክዳኑ ነው። ሕንዶች ቢርያኒ ሲሠሩ የድስቱን አፍ በሊጥ ይለስኑታል፤ እንፋሎቱ ሳይወጣ ከውስጥ ያበስለዋል። ይህ ለእኛ ባዕድ ዘዴ አይደለም። እንጀራ ስንጋግር በአክምባሎው ዙሪያ እርጥብ ጨርቅ የምንጠቀጥቀው ለዚሁ አይደለምን? የገብስ ሊጥ ለስነን፣ እሳቱን አብርደን፣ በክዳኑ ላይም ጥቂት ፍም አስቀምጠን አርባ ደቂቃ ያህል ተውነው። ክዳኑ የሚቆለፈውና የሚያፏጨው ድስት ያላችሁ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ትድናላችሁ፤ እርሱ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ደጋም ቆላም ለእርሱ ብዙ አይለያይም። ለደጋ ቤት ከዚህ የተሻለ የኩሽና ዕቃ አላውቅም።

ሩዙ በሰለ። አክስቴ ግን ያን ቀንም አልበሉም፤ «የዐረብ ወጥ ሆዴን ይነፋኛል» ብለው በእንጀራቸው ጸኑ። እንግዲህ የእርሳቸው ነገር የሩዝ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ስለ ቀረፋው ያሉትን ላንሣ። አክስቴ ወጥ ሲሠሩ መጨረሻ ላይ መከለሻ ይጨምራሉ፤ እንደ ቤቱ ቢለያይም ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ጥምዝ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ አንዳንዴም ያችው ቀረፋ በውስጡ አሉበት። የሕንድ ሴት ደግሞ ወጧን ልታወጣ ስትል ጋራም መሳላ የሚባለውን ትበትናለች፤ እርሱም ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙንና ድምብላል ነው። የዐረብ አገሩ ቡሃራት፣ የሞሮኮው ራስ አልሐኑትም የዚሁ ዘመዶች ናቸው። መዓዛው እንዳይጠፋ መጨረሻ ላይ መጨመሩን አክስቴም የዴልሂዋም እናት ያውቁታል፤ ከማን ተማርሽ ቢሏቸው ግን ሁለቱም ከእናቴ ነው የሚሉ ይመስለኛል።

ቅመሞቹም ቢሆኑ ከየት መጡ ካልን፣ ኮረሪማና ጥምዝ የገዛ ጫካችን ፍሬዎች ናቸው፤ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይመጣሉ። ቁንዶ በርበሬ ግን የትውልድ አገሩ ደቡብ ሕንድ ነው፤ ቀረፋ የስሪላንካ፣ ቅርንፉድ የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ደሴቶች። እነዚህ ባሕር ተሻግረው፣ በግመልና በበቅሎ ተጭነው ነው እስከ ደጋው የወጡት። ከመንዝ በስተደቡብ፣ ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት የሙስሊሞች የንግድ ከተማ ነበረች። የሸዋ ደጋ ከባሕር ማዶ ዕቃ ጋር የሚተዋወቀው በእንደዚህ ያሉ ገበያዎች ነበር።

በርበሬስ? እርሱ እንኳ የእኛ ነው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምበስ በ1492 (እ.ኤ.አ.) ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት የእኛም ሆነ የሕንድ ሰው በርበሬ አያውቅም ነበር፤ ምላስ የሚያቃጥለው በቁንዶ በርበሬ፣ በጥምዝና በዝንጅብል ነበር። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው «ውሸት ነው» አሉኝ። ለመንዝ ሰውማ በርበሬ ዛሬም እንግዳ ነው፤ ብርዱ ስለማያበቅለው ከቆላ ተገዝቶ ነው የሚወጣው። ይህን ስጨምርላቸው ግን ትንሽ አሰብ አደረጉ።

እዚህ ላይ ስለ ስም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ብዙ ድስት ያበላሸ ስሕተት ነውና። ከውጭ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ዐረቦች ከሙን የሚሉትን ሁሉ «አዝሙድ» ብለው ይጽፉታል። ከሙን ሌላ፣ ነጭ አዝሙድ ሌላ፣ ጥቁር አዝሙድ ሌላ ነው። ነጭ አዝሙድ ጠረኑ ሹል ነው፤ ከብሳ ውስጥ በከሙን ልክ ቢጨመር ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ሐበቱ ሰውዳ የምንለው፣ በሐዲስ የተወሳው ፍሬ ሲሆን በዛ ካለ ይመራል። ከሙን ከጠፋ ድምብላል ቆልቶ መጨመር ይሻላል። ሄል ከጠፋም ኮረሪማ ይተካዋል። ዐረቦች ከብሳ ውስጥ የሚጨምሩትን ደረቅ ሎሚ መንዝ ድረስ መፈለግ አያስፈልግም፤ ምግቡ ሊወጣ ሲል እርጥብ ሎሚ መጭመቅ ይበቃል። ገውዝን በተመለከተ በብዛት ሲወሰድ ስለሚያፈዝ የዲን ሊቃውንት የተለያዩበት ነውና በአካባቢያችሁ ያለ ዓሊም ጠይቁ። እኔ ራሴ ትቼዋለሁ፤ ከብሳው ምንም አልጎደለበትም። የታሸገ የመረቅ ቅመም የምትገዙም ሥጋ ነክ ነገር እንዳለበትና እንደሌለበት ጽሑፉን አንብቡ። ቅመምን ደግሞ በፍሬው ገዝቶ ቤት መውቀጥ ነው እንጂ፣ ተፈጭቶ የሚሸጠው ባዕድ ነገር ሊቀላቀልበት ይችላል።

ወደ አክስቴ ቤት ልመለስ። በዚያ ዓመት የረመዳን መጀመሪያ ከክርስቲያኖች የሰኔ ጾም ጋር ተገጣጥሞ ነበር፤ የእነርሱ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። አክስቴ አርባ ዓመት ሙሉ ቡና አብረው የጠጧቸው ጎረቤት ክርስቲያን ናቸው። በረመዳን ቡናው ወደ ማታ ስለሚዛወር ሴትዮዋ ካፈጠርን በኋላ ይመጣሉ። ችግሩ የሚቀርብላቸው መጥፋቱ ነው። ሥጋው በእኛ እጅ የታረደ ነው፣ እርሳቸውም ጾመኛ ናቸው፤ ቅቤ የነካ ነገር ሁሉ አይሆንላቸውም። አክስቴ በዚህ ሲጨነቁ ልጅቱ፣ «እማዬ፣ የሞሮኮዎቹን ሾርባ ያለ ሥጋ ልሥራው?» አለች። ጅዳ ሳለች ከሞሮኮ ሴት ጋር አንድ ቤት ሠርታ ነበርና ከእርሷ ተምራዋለች። አክስቴ «ለእንግዳ የሚሆን ከሆነ ሥሪው» አሉ። ለራሳቸው አላሉም።

ይህ ሾርባ ሐሪራ ይባላል። በሞሮኮ በረመዳን ከተምር ጋር የሚያፈጥሩበት ነው። ዕቃው በሙሉ በእኛ ገበያ አለ። ለስድስት ሰው አንድ ብርጭቆ ድፍን ምስር፣ ግማሽ ብርጭቆ ሽምብራ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ አምስት ቲማቲም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቀረፋና ቁንዶ በርበሬ እያንዳንዳቸው ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ አንድ እፍኝ የድምብላል ቅጠል፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል። የደጋ ሰው ሆይ፣ ሽምብራውን ከዋዜማው ሳትነክሩ እንዳትጀምሩት! ማታ ይነከር፤ በማግሥቱ ልጣጩ እየታሸ ይውጣና ሙቀጫ ውስጥ ገባ እያደረጉ ይሰንጠቅ። እንዲህ ካልሆነ በ90 ዲግሪ ውሃ ሽምብራ ሲቀቅሉ መዋል ነው።

ሽንኩርቱ በዘይት ይቁላላና ዝንጅብሉ፣ እርዱና ቁንዶ በርበሬው ይከተላል። ከዚያ ሽምብራው ከአሥር ብርጭቆ ውሃ ጋር ይገባል፤ እርሱ መለስለስ ሲጀምር ምስሩ ይጨመራል። ቲማቲሙ የሚገባው ሁለቱም ከላሉ በኋላ ነው። ይህን አደራ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ጥራጥሬ ድርቅ ይላል፣ ቶሎም አይበስልም። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ እየተማሰለ ይጨመራል። ሞሮኮዎቹ የስንዴ ዱቄት ይጠቀማሉ፤ እኛ የገብስ ዱቄት አደረግንበት፣ እንዲያውም ወፈር ብሎ ለብርዱ ተስማማ። አሥር ደቂቃ ከተንተከተከ በኋላ ቀረፋው፣ የድምብላል ቅጠሉና ጨው ይገባል፤ ሲወጣ ሎሚ ይጨመቅበታል።

ጎረቤቲቱ አንድ ሳህን ጠጥተው ሁለተኛ ጠየቁ። «ምኑ ነው እንዲህ የሚያሞቀው?» ሲሉ አክስቴ ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው «ንገሪያቸው እንጂ» አሏት። ልጅቱም ተናገረች። ጅዳን፣ የሞሮኮዋን ሴት፣ ኩሽናው ውስጥ ሌሊት የሚሠሩትን ሥራ ሁሉ ተናገረች። ከመጣች ሰባት ወር ቢሞላትም ይህን ስታወራ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ የእናቷም የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሰማናት።

ጎረቤቲቱ ጾማቸውን እስኪፈቱ ድረስ ሌላም ነገር ሠርታላቸዋለች። ግብፆች ጠዕሚያ የሚሉት የባቄላ ጥብስ ነው። ሽምብራ ከቆላው፣ ከመርሐቤቴ ሰዎች ገበያ ካልመጣ በመንዝ ይወደዳል፤ ባቄላ ግን የራሱ የደጋው እህል ነው። ሁለት ብርጭቆ የባቄላ ክክ ከማታ እስከ ማግሥቱ ቀትር ይነከራል። ውሃው ተጠንፍፎ ከአንድ ራስ ሽንኩርት፣ ከአራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ከድምብላል ቅጠልና ፍሬ፣ ከጥቂት ከሙንና ጨው ጋር ጥሬውን ይወቀጣል። መቀቀል የለበትም፤ የተቀቀለ እንደሆነ ዘይት ውስጥ ይበተናል። በእጅ ጠፍጠፍ እየተደረገ በጋለ ዘይት ይጠበሳል። የዚህ ምግብ ጥቅም ለእኛ ልዩ ነው፤ ዘይት እንደ ውሃ አይደለም፣ ከፍታው ግለቱን አይቀንስበትም። ስለዚህ ጠዕሚያ በመሐል ሜዳም ይበስላል። የተጣራ ዘይት የሚወደድባችሁ በምጣድ ላይ ትንሽ ዘይት ቀብታችሁ እያገላበጣችሁ መጥበስ ትችላላችሁ፤ እንደ ጥልቁ ባይሆንም አያሳፍርም።

ከብሳው በመጨረሻ የተበላው ለዒድ ነው። ሐምሌ 20 ማታ፣ በዋዜማው፣ ልጅቱ ሥጋውን ስትከትፍ አክስቴ ከመደባቸው ተነሥተው የገብስ ሊጡን ራሳቸው አቦኩት። በክዳኑ ዙሪያ እንዴት እንደሚለሰን ሊያሳዩኝ እየሞከሩ ነበር፣ እኔ ያላስተማርኳቸው ይመስል። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ልጃቸውን ጠየቋት፦

«ቀረፋው ሙሉውን እንጨት ነው የሚገባው፣ ወይስ ተወቅጦ?»

«ሙሉውን፣ እማዬ። ሲወጣ ይለቀማል።»

«እንዲያ ከሆነ ደህና» አሉ።